ጃሱስ ፊቱን የቀየረ ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ጠሽ ጠሽ ሲያደርገው፣ በረንዳው ጥላ ሥር ተቀምጬ ለዘር ያስቀረሁትን ሰሊጥ በወንፊት እየነፋሁ ነበር። ልጄ ማስተዋልና የጎረቤታችን ልጅ ሐያት አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው ይከራከራሉ። እኔ የልጆች ድምፅ ከፍ ካለ ልቤ አያርፍም፤ የተጣሉ መስሎኝ ወንፊቱን አስቀምጬ ሄድኩ። ስልኩ ላይ አምስት ነጮች ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው ጎን ለጎን ቆመዋል።

«ይሄኛውን የሚያህል የለም» ትላለች ማስተዋል።

«ሂጂ ወዲያ! ይሄማ ሲሮጥ ሱሪ የጠበበው አማች ነው የሚመስለው» ትላለች ሐያት።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የመጀመሪያው ጉንጩ ስርጉድ ያለ፣ አንገቱ የወፈረ ነው። ሳየው ሠላሳ ዓመት ያልሰማሁት የጄኔረተር ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ ተነሣ። «ጃሱስ!» አልኩ። ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። እኔም የማውቀው ነገር በመገኘቱ ደስ ብሎኝ፣ «ምን ያከራክራችኋል? አምስቱም አንድ ሰው ናቸው እኮ፤ ፊቱን እየቀየረ ነው» አልኳቸው።

ተያዩና በሳቅ ፈረሱ። ማስተዋል ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እማ፣ አምስት የተለያዩ ተዋንያን ናቸው። አንዱ ሲያረጅ በሌላ ይተኩታል፤ ሰላዩ ብቻ ነው አንድ» አለችኝ።

 ፊልም ጨዋታ መሆኑን ካደግሁ በኋላ ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኛል። ጃሱስን ግን ከአምስተኛ ክፍል ወጥቼ ትዳር ከያዝኩ ወዲህ ደግሜ አስቤው አላውቅም፤ በልጅነቴ እንደተቀመጠ፣ ማንም ሳይነካው፣ አንድ ጥግ ላይ ቆይቶ ኖሯል። የልጆቹ ሳቅ አላስቀየመኝም። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፤ የጃሱስ ፊት መቀየር ውሸት ከሆነ፣ በዚያ ላይ ያቆምኩት ነገር ሁሉ ምን ይሁን?

ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነው። መተማ ዮሐንስ እኛ ሰፈር አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ግድግዳው የማሽላ አገዳ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው ግንድ። እናቴ በሩ ላይ ከርከዴ ትሸጣለች፤ ያን በእርጥብ ጆንያ በተጠቀለለ እንስራ ውስጥ የሚቀዘቅዝ ቀይና ጎምዛዛ መጠጥ። እኔ ኩባያ አመላልሳለሁ። ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ገባች መባል በሚያሳፍርበት ዘመን፣ እኔ በኩባያ ሰበብ ከላብ፣ ከናፍጣና ለአጨዳ ከደጋ ከመጡት አጫጆች ልብስ ላይ ከሚነሣው የሰሊጥ ሽታ መሐል ቆሜ ፊልም ጠገብኩ።

ካሴቶቹ የሚመጡት ከድንበሩ ድልድይ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት ነው። ነጮቹ በእንግሊዝኛ ያወራሉ፣ ከሥር ከሥር ዐረብኛ ይጻፋል። እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰው አልነበረም፤ ዐረብኛ የሚያነቡ ግን አያ ደርሶ ነበሩ። አያ ደርሶ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ብዙ ዓመት ሠርተው የተመለሱ፣ ረዥም፣ አንድ ትከሻቸው ዘንበል ያለ ሰው ናቸው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ዐረብኛውን እያነበቡ፣ ከጄኔረተሩ በላይ እየጮኹ በአማርኛ ይተረጉሙልናል። ጃሱስ ማለት ዐረቦች ሰላይ የሚሉት ነው፤ እኛ ግን የሰውየው የክርስትና ስሙ አደረግነው። በአያ ደርሶ አፍ ሽፍታው «የወንድ ልጅ ከሆንክ ውጣ!» ይላል፣ ሴቲቱ «ውይ ወንድሜን!» ትላለች። ጃሱስ ቡና ቤት ገብቶ ቀይ ነገር በብርጭቆ ከቀረበለት ደግሞ፣ አያ ደርሶ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ቀዝቃዛ ከርከዴ ስጡኝ፣ በሩ ላይ ካለችው ሴትዮ!» ይላሉ። ሰዉ ይስቃል፤ እናቴም ያን ቀን እንስራዋን ባዶ አድርጋ ትገባለች። እኔ ጃሱስ በእውነት እናቴን የሚያውቃት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን አዲስ ካሴት መጣ። ያ ሲማታ የሚስቀው፣ ጉንጨ ስርጉዱ ጃሱስ ቀረና አንድ ቀጭን፣ ኮቱ የከበደው የሚመስል ሰው ወጣ። ቤቱ ተናወጠ። «ይሄ ማነው? ጃሱስን አምጣልን!» እያሉ አጫጆቹ ግንዱን በእግራቸው ደበደቡት። አያ ደርሶ ካሴቱን አቁመው ተነሡ።

«ዝም በሉ! ራሱ ነው። ጠላቶቹ ስለለዩት ፊቱን በሐኪም አስቀየረ።»

አንድ የጎጃም አጫጅ ከኋላ፣ «ቁመቱንስ ጌታው? በአንድ ክንድ አጥሯል እኮ!» አለ።

«ቁመቱም በሐኪም ነው! ሰላይ መሆን ቀላል መሰለህ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ ነገሩም በዚያው ጸደቀ። ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ፊት መጣ፣ ዐይኑ ያዘነ፣ ሰው ከገደለ በኋላ እጁን ታጥቦ የሚቀመጥ። አጫጆቹ ሰሊጥ እያጨዱ ሳይቀር በፊቶቹ ይከራከሩ እንደነበር ሰምቻለሁ። ለድብድብ የመጀመሪያው፣ ለልብስ ሁለተኛው ይላሉ። ሦስተኛውን የሚመርጡት ልጆቻቸውን ደጋ ትተው የመጡት ነበሩ። እኔ የመጀመሪያውን ነበር የምወደው፤ ሌሎቹን ሳይ ግን፣ ይህ ሰው ፊቱን በቀየረ ቁጥር ሳቁን ምን ላይ ጥሎት መጣ እያልኩ አዝንለታለሁ።

ይህን የማስበው ያለ ነገር አይደለም። አባቴ የትራክተር ሹፌር ነበር። ሱዳን እርሻ ላይ ልሠራ ብሎ፣ ለአጨዳ እመለሳለሁ ብሎ ድልድዩን ከተሻገረ ሦስተኛ አጨዳው ነበር። ወሬው አልመጣም፤ ፎቶግራፍም አልነበረንም። እናቴ ስሙ ሲነሣ ኩባያ ማጠብ ትጀምራለች። እኔ ግን መልሱን ቪዲዮ ቤት አገኘሁት፤ አባቴ የቀረው ፊቱን ቀይሮ በመሐላችን እያለፈ ስላላወቅነው ነው። ከዚያ ወዲህ ከማዶ የሚመጣውን ወንድ ሁሉ ዐይን ዐይኑን ማየት ጀመርኩ። ሹፌሩን፣ ደላላውን፣ ጀለቢያ የለበሰውን ሁሉ።

አንድ የገበያ ቀን፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ አማርኛ የሚናገር ሰው ከረሜላ ሰጠኝና፣ «ነይ ልጄ» አለኝ። ልጄ ስላለኝ አመንኩ። «አውቄሃለሁ፣ አባቴ ነህ። ፊትህን ቀይረህ ነው» አልኩት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቀና «አዎ» አለ። ያ «አዎ» ዛሬም፣ የሦስት ልጆች እናት ሆኜ፣ ሰሊጥ እየነፋሁ ሳለ ድንገት ይመጣና እጄን ያደርቀዋል። እጄን ያዘኝ፤ ወደ ድልድዩ ሄድን። አንድ ጊዜም ስሜን አልጠየቀኝም፤ አባት የልጁን ስም መጠየቅ የለበትምና ያ ራሱ ማረጋገጫ ሆነኝ።

ድልድዩ መካከል ላይ አያ ደርሶ ካሴት በፌስታል ይዘው ከገላባት ሲመለሱ አገኙን።

«አንቺ! ወዴት ነው?»

«ከአባቴ ጋር ነኝ፣ አያ ደርሶ። እንደ ጃሱስ ፊቱን ቀይሮ ነው።»

ትልቅ ሰው ሲደነግጥ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ፌስታሉ ከእጃቸው ወደቀ፤ ካሴቶቹ ድልድዩ ላይ ተበተኑ። ሰውየው እጄን ለቀቀና፣ ሳይሮጥ፣ ዞር ሳይል፣ ወደ ማዶ ሄደ። ክፉ ይሁን ወይም የልጅ ነገር ሆኖበት ያሾፈ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ «አባቴን አባረሩብኝ» እያልኩ አያ ደርሶን እየነከስኳቸው፣ እሳቸው ተሸክመውኝ ቤት ደረስን።

እናቴ ስትሰማ መታችኝ፣ ከዚያ አቀፈችኝ፣ ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች። «ያንተ ወሬ ነው! ሕፃን ልጅ ያንተን ቅጥፈት አምና ልትጠፋብኝ!» አለቻቸው፤ ለወትሮው እርስዎ የምትላቸውን ሰው። አያ ደርሶ ያ ዘንበል ያለ ትከሻቸው የበለጠ ዘንበል ብሎ ወጡ።

ቪዲዮ ቤት መግባት ተከለከልኩ። በሳምንቱ ግን አያ ደርሶ ራሳቸው መጥተው፣ «እህቴ፣ ዛሬ ብቻ ትግባ። ከዚያ ወዲያ አልለምንሽም» ብለው እናቴን ለመኗት። ፊተኛው ግንድ ላይ አስቀመጡኝ። ፊልሙ የሦስተኛው ፊት ነበር። ጃሱስ ቀይ መጋረጃ ባለበት ሆቴል መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ስልክ አነሣ። ሌላ ጊዜ ይጮኹ የነበሩት አያ ደርሶ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለልጁ ነው የሚደውለው። ምን ይላታል፤ ልጄ፣ ፊቴን የቀየርኩት ለጠላት ነው። ወዳንቺ ስመጣ ግን በመጀመሪያው ፊቴ ነው የምመጣው። በሌላ ፊት መጥቶ አባትሽ ነኝ የሚል ካለ ውሸቱን ነው። እጅሽን አትስጪው፤ ሩጪ። እኔን በመጀመሪያው ፊቴ ጠብቂኝ።»

 ጎኔ የተቀመጠ አንድ የወሎ አጫጅ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱ ላይ ደፋው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማላውቀውን ወንድ ማየት ተውኩ። በምትኩ እንዳልሳሳት፣ ትዝ የሚለኝን የአባቴን ፊት ማጥናት ያዝኩ። የግራ ቅንድቡን ጫፍ የቆረጠችው ጠባሳ፣ የፊት ጥርሱ ፍንጭት፣ ትራክተር ላይ ፀሐይ የጠበሰው አንገቱ፣ ሲስቅ መጀመሪያ አንድ ዐይኑ ብቻ የሚጨፈነው። እየደጋገምኩ አጠናሁት። አባቴ አልመጣም። ፊቱ ግን ይኸው አለ፤ እሱ ሲሄድ ሕፃን የነበረችው ታናሽ እህቴ አታስታውሰውም፣ እናቴም ከመሞቷ በፊት ጠፍቶባት እኔን ትጠይቀኝ ነበር።

ታዲያ ቅዳሜ ዕለት ማስተዋልን፣ «ባለ ቀይ መጋረጃውን ፈልጊልኝ» አልኳት። በሦስተኛው ሰውዬ ፊልሞች ውስጥ ፈልጋ አገኘችው። መጋረጃው፣ መስኮቱ፣ ስልኩ ሁሉም እንደነበረ ነው።

«ምን ይላል?»

«ፎጣ አምጡልኝ ነው የሚለው፣ እማ። የሆቴሉን ሰው።»

«ለልጁ የሚላትስ?»

«የምን ልጅ? ይሄ ሰውዬ ልጅ የለውም እኮ።»

ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ሦስቱንም ጊዜ ፎጣ ነው። ሐያት ልትስቅ ብላ ፊቴን አየችና ተወችው። ያ ንግግር ፊልሙ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ዐረብኛውም አላለውም። አያ ደርሶ፣ ሥራቸው ማንበብ የሆነ ሰው፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ ለአንዲት ኩባያ አመላላሽ ልጅ ሲሉ ያልተጻፈ አነበቡ። እኔ ግን ውለታው የጃሱስ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የእሳቸው ነው።

ሰኞ ዕለት ቪዲዮ ቤቱ ወደነበረበት ሄድኩ። የሰሊጥ መጋዘን ሆኗል። ጆንያ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ፣ አያ ደርሶ ሰዉ ቤቱ ዲሽ ሲያስገባ ጊዜ ሥራ ቀዝቅዞባቸው ወደ ገዳሪፍ መመለሳቸውን፣ ማዶ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህም ወሬያቸው አለመሰማቱን ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ልጆቼን ትምህርት ቤት በር ካስገባሁ በኋላ ወደ ድልድዩ ጎራ እላለሁ። ሰዎች ጓዛቸውን ተሸክመው ከማዶ ይመጣሉ፤ አቧራ የለበሱ፣ የከሱ፣ ያረጁ። ሽማግሌ ሲያልፍ ትከሻውን አያለሁ፣ ቀጥሎ ፊቱን፤ የመንገድና የረኃብ ብዛት ሁሉንም አመሳስሏቸዋል፣ መለየት አልቻልኩም። አባቴን በመጀመሪያው ፊቱ ጠብቂው ብለውኛል። እሳቸውን ግን በየትኛው ፊት እንደምጠብቃቸው አልነገሩኝም።