ለተዘጋ ሱቅ የሦስት ዓመት ግብር

ይህ የደረሰብኝ አምና ሐምሌ ነው፤ ከሙስካት ለሃያ ቀን ፈቃድ አሶሳ በገባሁ ጊዜ። ያለፈን ነገር የማብሰልሰል ሰው አይደለሁም። ይህን ግን እናቴ በስልክ «ዝናቡ ጀመረ» ባለችኝ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

ከመሄዴ በፊት ገበያው ዳር ከአባቴ በወረስኳት አንዲት ክፍል ልብስ እሰፋ ነበር። ሙስካት የስፌት ሥራ ሲገኝልኝ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ለሼህ ኢድሪስ ሰጠሁና ሄድኩ። ሼህ ኢድሪስ ከጎኔ ጨውና የደረቀ ባሚያ የሚሸጡ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ደግሞ ሱቅ ከተቆለፈ በቃ ተዘጋ ማለት ይመስለኝ ነበር። ንግድ ፈቃዱ ካልተመለሰ ግብሩ እንደማይቆም የነገረችኝ ሙስካት አብራኝ የምትሠራ የባምባሲ ልጅ ናት።

ስለዚህ ፈቃዱን ልመልስ መጣሁ። በቦርሳዬ የእናቴን ቤት ጣሪያ የምቀይርበት ገንዘብም ይዣለሁ። ቆርቆሮው ዝጎ ተበሳስቷል፤ እናቴ ክረምቱን የምታሳልፈው በሁለት ባልዲ መሀል ተኝታ ነው።

ሐምሌ የትንንሽ ነጋዴዎች የግብር ወር ነው። ሰልፉ ከገቢዎች ቢሮው ግቢ ወጥቶ መንገድ ላይ ደርሷል። ፎቶ ኮፒ አምጪ፣ መብራት ጠፋ፣ ነገ ነዪ ሲሉኝ በአራተኛው ቀን መስኮቱ ጋ ደረስኩ።

ሠራተኛው ፋይሌን ገልጦ «የሦስት ዓመት ግብር ከነመቀጫው አለብሽ» አለኝ።

«እኔ እኮ አገር ውስጥ አልነበርኩም!» ብዬ ፓስፖርቴን ዘረጋሁለት።

«ይሄ አንቺ መውጣትሽን እንጂ ሱቁ መዘጋቱን አያሳይም እህቴ። የግብር ገማቾቹ በየዓመቱ ዓርብ ከሰዓት ሄደው አይተዋል። ክፍት ነው ብለው ጽፈዋል።»

ደሜ ፈላ። አንድ ሰው በሱቄ ሲነግድበት ኖሯል ማለት ነው። ቁልፉ ያለው ደግሞ ሼህ ኢድሪስ ጋ ብቻ ነው። በዝናብ እየበሰበስኩ፣ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ገበያ ደረስኩ።

ሼህ ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት።

«ልጄ መጣህ! አልሐምዱሊላህ! ና፣ ሱቅህን እይ!»

በሩን ከፈቱልኝ። ወለሉ ተጠርጓል። የስፌት መኪናዬ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ዘይት ተቀብቶ ተቀምጧል። የግድግዳው ጥግ ላይ ምስጥ የጀመረውን ፍቀው በጭቃ መርገውታል።

«የተዘጋ ቤት ምስጥ ይበላል። እኔ ሁልጊዜ ከጁምዓ በኋላ ይከፍታል፤ እስከ መግሪብ ንፋስ ይገባል» አሉኝ። ከዚያ የመኪናውን መሳቢያ ሳቡ። «ወረቀትም በር ላይ ለጥፈው ነበር። ዝናብ እንዳይበላ እዚህ አስቀመጥኩ።»

ሦስት የግብር ማስጠንቀቂያ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ሼህ አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም።

መኪናው አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው የደስታ መስሏቸው «አይዞህ፣ አይዞህ» ይሉኛል።

በማግስቱ ተመልሼ ለሠራተኛው ነገሩን አስረዳሁት። ክፉ ሰው አልነበረም። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሰማኝና «ሲከፍቱ የነበሩት ሰውዬ መጥተው ይፈርሙ። ግን ሁለት ሱቅ እንደያዙ ተቆጥሮ ጥያቄው ወደ እሳቸው መዞሩ አይቀርም። አስቢበት» አለኝ።

ደጅ ወጥቼ አንድ ሰዓት ያህል አሰብኩ። የባሚያና የጨው ሱቅ ይህን ዕዳ አይችልም። ከዕዳው ይልቅ ደግሞ ያ በኩራት የተጠረገ ወለል ጥፋት ነው ተብሎ ሲነገራቸው ታየኝ። ያን ፊት ማየት አልፈለግሁም። እናቴም በሁለቱ ባልዲ መሀል ተኝታ ታየችኝ። ገብቼ ከፈልኩ። ዕዳ እንደሌለብኝ የሚገልጸውን ክሊራንስ ይዤ ፈቃዱን መለስኩና ቁልፉን መልሼ ለሼህ ሰጠሁ። «አለቀ ወይ?» ሲሉኝ «አለቀ» አልኳቸው። ለእናቴ ገንዘቡን ተሰረቅሁ አልኳት፤ እውነቱን ብነግራት ለሼህ ሳትናገር አታድርም።

ጽድቅ ሠራሁ ብዬ አይደለም ይህን የምጽፈው። ደክሞኛል። ሌላ ሁለት ዓመት ጎንበስ ብዬ መስፋት አለብኝ፤ አንዳንድ ሌሊት ምነው በነገርኳቸው እላለሁ።

በቅርቡ ሼህ ኢድሪስ ስልክ አስደውለው አነጋገሩኝ። ሱቄ ደህና መሆኑን፣ ዛሬም መከፈቱን ነገሩኝ። የእናቴ ቤት ስላፈሰሰ ልጃቸውን ይዘው ሄደው ጣሪያውን በላስቲክ ሸፍነውታል። ከዚያ ድምፃቸው ኮስተር አለ።

«ልጄ፣ አይከፋህ። ገንዘብ ተሰረቀ አለች እናትህ፤ እሱ አምና ነው። አረብ አገር ይሄን ያህል ሠርተህ የእናትህን ጣሪያ አልቀየርክም። ይሄ ነውር ነው።»

«እውነትዎን ነው ሼህ» አልኳቸው።