ለማስታወቂያ የጠራሁት ደቦ

ኔትወርኩ እየጠፋ በሚመጣበት በዚያ ዘመን የልጅ ልጄ ፍኖተ ሰላም ከተማ ቤት ተከራይታ የገበያ ወሬ የምታወጣበት ድረ ገጽ ነበራት። እኔ እግሬ አያርፍም፤ ከጅጋም ከፈረስ ቤትም ገበያ የእህሉንና የበሬውን ዋጋ አመጣላት ነበር። እንጀራዋ ግን ገጿ ላይ ከሚወጣው ማስታወቂያ ነበር።

አንድ ቀን ጉልበቴን አመመኝና በስልኳ መድኃኒት ፈለገችልኝ። ከዚያ ወዲያ የትኛውንም ገጽ ስትከፍት የጉልበት ቅባት ማስታወቂያ ብቅ ይላል።

«ማን ነገረው?» አልኳት።

«ኢንተርኔቱ ያያል፣ እማማ። ማን ምን እንደሚፈልግ አይቶ ነው የሚያሳየው። ውጭ አገር ሆኖ ለሚያነብ፣ ሊገዛ ለሚችል ሰው፣ ማስታወቂያ ሰጪዎቹ ደህና ይከፍሉኛል። የእኛ አገር አንባቢ ግን ርካሽ ነው። ማስታወቂያውን ነክቶ የሚከፍት ሰው ካልበዛልኝ ኪራዩንም አልችለው።»

ርካሽ መባላችን ቆረቆረኝ። አጨዳ ለበዛበት ሰው ደቦ ይወጣለት የለ? ቡሬ ገበያ ወርጄ ስልክ የያዘውን ሁሉ ማስታወቂያዋን ንኩላት ብዬ ለመንኩ።

«እማማ፣ የደቦው ጠላ የታለ?» እያሉ እየሳቁ ሳምንቱን ሙሉ ሲነኩላት ሰነበቱ።

ስመለስ የልጅ ልጄ ፊቷ ጠቁሯል።

«ከአንድ ሰፈር ብቻ ተነክቶ፣ አንድም የሚገዛ ሲጠፋ፣ አጭበርብረሻል ብለው ክፍያዬን ዘጉት» አለችኝ።

«ደቦውን የጠራሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አልኳት።

ቤቱን ለመልቀቅ ዕቃዋን ስናስር ስልኳን ከፈተች። የጉልበቱ ቅባት አሁንም እዚያው ነበር፤ እኔን እየጠበቀ።