የግምጃ ቤቱ ድንጋይና የአያ አለነ ገብስ

ዳንግላ፣ ሰኞ ሲነጋጋ

ጋሪዎቹ ድንች ጭነው ወደ ገበያ ሲተሙ በመንገድ ሥራው የጭነት መኪና ተሳፈርሁ። ግምጃ ቤት ከምትባል መንደር በላይ፣ አዲሱ መንገድ በሚያልፍበት ላይ አንድ የቆመ ድንጋይ አለ፤ ቀያሽ ነኝና፣ እንዴት እንደሚፈርስ አይተህ ና ብሎ አለቃዬ ልኮኛል። ከእንጅባራ በኋላ ጉዞው በፈረስ ነው። አፈሩ ቀይ፣ ገብሱ ለእሸት የደረሰ።

ግምጃ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ

አገሬው አፋፉ ላይ ወጥቶ ጠበቀኝ። አያ አለነ የሚባሉ ሽማግሌ የፈረሴን ልጓም ያዙ። ድንጋዩ እንዲጠበቅ አቤት ካሉ ቆይተዋል፤ የመጣሁት ለዚያ መስሏቸዋል።

«መንግሥት ሰማን! እርስዎን ላከልን!»

እውነቱን ልናገር ስል ለክብሬ በግ ታርዷል። በላሁ። ሲመርቁኝም አሜን አልሁ።

ማክሰኞ ጠዋት

ድንጋዩ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። ግራጫ ነው፤ የጥንት ሰው እጅ ጠርቦታል። ዙሪያው ታርሟል።

«ማን አቆመው?»

«ማን ያውቃል! ከቤተ ክርስቲያናችንም ይቀድማል፤ አያቶቻችን ቆሞ ነው ያገኙት። የተጣላ እዚህ ይታረቃል። አሁን እንግዲህ በእርስዎ እጅ ነው።»

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልሁም።

«አያ፣ እኔ የመጣሁት ላስፈርሰው ነው።»

አጠገባቸው ለቆሙት ሚስታቸው በአዊኛ ነገሯቸው። ሴትዮዋ ትኩር ብለው አዩኝና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ታዲያ በጉን ሳናርድ ብትነግረን ምን ነበረበት፣ ልጄ?» አሉ አያ አለነ።

«እርስዎ» ማለታቸው ቀረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ድንጋዩን ላለመንካት መንገዱ የሚዞርበት ስፍራ አብረን ፈለግን። ከታች ረግረግ፣ ከላይ ገደል። የቀረው አንድ የገብስ ማሳ ብቻ ነው።

«የማን ነው?»

«የኔው ርስት። በዚያ ይሂድ።»

«ካሣ ይከፈልዎታል ብዬ ቃል ልሰጥዎ አልችልም።»

«አልጠየቅሁህም። ገብሱ የኔ ነው፣ እሰጣለሁ። ድንጋዩ ግን የኔ ብቻ አይደለም።»

ችካል ስተክል ባልና ሚስቱ ከፊት ከፊቴ እየሄዱ ገብሱን በእጃቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉልኝ። አንገቴን ቀና አላደረግሁም።

ዳንግላ፣ ረቡዕ

አለቃዬ አዲሱን መሥመር አይቶ ፊቱ በራ።

«ድንጋዩንም ረግረጉንም አመለጥን! ባለ ርስቱን እንዴት አሳመንኸው?»

«አላሳመንሁም፤ ራሳቸው ሰጡ።»

አልሰማኝም። «ጎበዝ! ጎበዝ!» እያለ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋል፤ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።