አይናለም የምትባል ሴት

እትዬ ጥላነሽ ሰው አያምኑም። እኔም አላምንም፤ አማኑኤል ከተማ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ሱቅ ከፍቶ የኖረ ሰው ማንን ያምናል? እንግዲህ በ2011 ዓ.ም. የባንክ ስቴትመንታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሱቄ ሲመጡ፣ የልባቸውን የሚያደርስ ሰው አገኙ።

አነበብኩላቸው። ባሕር ዛፋቸውን ሸጠው ለተዝካሬ ብለው ካስቀመጡት ብር ላይ፣ በየወሩ አራት መቶ ብር በስልክ ወጥቷል። ተቀባይ፦ አይናለም ቢያድግልኝ። እንዲህ የምትባል ሴት በሠፈሩ እንደሌለች ማልኩላቸው።

ስልካቸውን የምትይዘው የብርጓል የምትባለው ምራታቸው ናት። የደም ግፊት ክኒናቸውንም በየወሩ ከደብረ ማርቆስ ገዝታ የምታመጣላቸው እሷው ናት፤ ዋጋውን ከእኔው ላይ አውጪ ብለዋታል። ወረቀቱን ገልብጬ ብፈልግ ግን ፋርማሲ የሚል አንድም መስመር የለም። "ይቺ ልጅ ከአንዷ ጋር ተሻርካ እየበላችዎት ነው" አልኳቸው። ምን አስቸኮለኝ!

ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ እንቅልፍ አጡ። የጎተራውን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አሰሩ። የብርጓል ስልኩን ባነሳች ቁጥር ጆሯቸውን ይጥላሉ። ይባስ ብለው ክኒኑንም ተጠራጠሩት፤ ምን እንደምታበላኝ በምን አውቃለሁ ብለው መዋጥ ተዉ። በአምስተኛው ቀን ራሳቸውን አዞራቸውና ከደጃፍ ወደቁ።

ደንግጬ ሄድኩ። የብርጓል አጠገባቸው ተቀምጣ እግራቸውን ታሻለች። እኔ ደግሞ አሁን ካልተናገርኩ ገድላቸው ታርፋለች ብዬ፣ ወረቀቱን ፊቷ ዘረጋሁት።

"አይናለም ማናት?"

ወረቀቱን አየችው።

"እኔ ነኝ።"

እትዬ ጥላነሽ ከተኙበት ቀና አሉ። የብርጓል ተነስታ ከሣጥን ውስጥ አንድ ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ አመጣችና ከአልጋው ላይ ዘረገፈችው። ፋርማሲው ጥሬ ብር ካልሆነ አይቀበልም፤ ስለዚህ ብሩን ወደ ራሷ ስልክ ታዛውርና ከባንክ ወኪል በጥሬው አውጥታ ትከፍላለች። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ የትራንስፖርቷን እንኳ አልነካችም። ከቁይ ከተማ ሙሽራ ሆና ስትመጣ የብርጓል የሚለውን ስም ያወጡላት እትዬ ጥላነሽ ራሳቸው ናቸው፤ የአማት ወግ ነውና ሁላችንም በዚያው ጠራናት። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የጠየቀ ግን አልነበረም።

እትዬ ጥላነሽ እጇን ያዙ። ይቅር በይኝ፣ በልቤ ሌባ ብዬሻለሁ አሏት።

የብርጓል እጇን አልነጠቀችም። ክኒኑን አውጥታ ከውሃ ጋር ሰጠቻቸውና እስኪውጡ ጠበቀች።

"ሌባ ማለትዎን እተወዋለሁ" አለች። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥቤ፣ አብልቼ፣ ስሜን አያውቁትም።"

 እኔም ወረቀቱን አጣጥፌ ወጣሁ፤ ደህና ዋይ ልላት ፈልጌ በየትኛው ስም እንደምጠራት ጨነቀኝ።