የእኔ የቦኖ ጥያቄ

መምህራችን ጥያቄዬን ለሌላ ተማሪ ሲሰጥ የእኔ መሆኑን ረስቶት ነበር ወይስ እያወቀ? እስከ ዛሬ አላውቅም። ረስቶት ከሆነ ይብስብኛል።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት የመጀመሪያ ልጄ ከተመረቀ በኋላ ነው። አሥራ ሁለተኛን በማታ ስለጨረስኩ፣ ክፍል ውስጥ አፌን የምከፍተው ዓረፍተ ነገሩን በልቤ ደጋግሜ ካረምኩት በኋላ ነበር። መምህራችን በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ። "እኔ አላስተምራችሁም" አለን ገና ከመግባቱ። "ጥያቄ ታመጣላችሁ፤ መልሱን ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ።" ግማሹ ተማሪ ከጁባ፣ ከሐርጌሳ፣ ከካምፓላ የመጣ ነው። እነሱ እጃቸውን ያወጣሉ። አስተማሪ ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብለን ያደግነው ደግሞ ደብተራችንን እናያለን።

እኔ ግን ጥያቄ ነበረኝ። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ እኛ ሰፈር፣ ውሃ በፈረቃ ነው። ቦኖው ጋ ቢጫ ጄሪካኖች ይሰለፋሉ፤ ባለቤቶቻቸው የሉም። አንዷ ሊጥ ልታቦካ ሄዳለች፣ ሌላዋ ቅዳሴ ላይ ናት። ጠባቂ የለም፤ ተራ የሚሰርቅ ግን አላየሁም። አራስ ያለችበት ቤት ጄሪካንማ ማንም ሳያዝ ወደ ፊት ይገፋል። ይህን ሥርዓት ማን አወጣው? ተነስቼ ጠየቅሁ።

"እናቴ" አለኝ መምህሩ ፈገግ ብሎ፣ "ይሄ እኮ የቦኖ ወሬ ነው። እስቲ ጥያቄ ይፈልጉ።"

ክፍሉ ሳቀ። የለበሰውን ሸሚዝ እስከ ቁልፉ አስታውሳለሁ።

ከሳምንታት በኋላ፣ ቪዛ ዘግይቶባት እኔ ከጠየቅሁ በኋላ የመጣችው የካምፓላዋ ልጅ ተነስታ ያንኑ ጥያቄ በጥሩ እንግሊዝኛ አነበበች። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጻፈው፤ ከሥሩ አሰመረበት። "ጥያቄ ማለት ይሄ ነው!" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "እርስዎ ሰፈርዎ ነው፤ ሴቶቹን ስታነጋግር ያስተርጉሙላት።"

"በደስታ" አልኩት። ማን እንደነገራት አላወቅሁም፤ ጠላኋት ግን። እሱን ደግሞ ከእሷ አብልጬ።

ቅዳሜ ቦኖው ጋ ወጣን። ስልኳን ለመቅዳት ደቅና፣ "የዚህ ሰልፍ ኃላፊ ማን ነው?" አለች። ቃል በቃል ተረጎምኩ።

"ኃላፊ?" አለች ጄሪካን የምታጥብ ጎረቤቴ። "ማንም የለም። ውሃውን ልትቆርጡብን ነው እንዴ?"

"ይቺ ደግሞ ከየት ናት?" አለች ሌላዋ።

"ከኡጋንዳ።"

"አገሯ ቦኖ የለም?"

ተሳሳቁ። ሳቁንም ተረጎምኩላት። መጀመሪያ ጤና መጠየቅ፣ ስልኩን መደበቅ፣ የራስን ጄሪካን አሰልፎ ከሴቶቹ ጋር መቀመጥ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። አንድም ቃል አልጨመርኩም። አርብ ሥራዋ በዲኑና በእንግዶች ፊት ሲቀርብ መምህሩ ባዶ እጁን እንደሚቆም በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ፣ ከልቤ ደስ ይለኝ ነበር።

ልጅቷ ስልኳን ዘጋችና የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተቀመጠች። "ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ጥሩ ጥያቄ ነው ብሎ እኮ ነው የሰጠኝ።"

"ማን?"

"መምህሩ። ርዕስ አጥቼ ቢሮው ሄጄ አለቀስኩ። ካላስገባሁ ስኮላርሺፑ ይሰረዛል። ይሄን ውሰጂ፣ አንድ ቀን ያሰብኩት ነው አለኝ።"

ያሰብኩት ነው! እዚያው አጠገቧ ተቀመጥኩና ለባለቤቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኳት፤ "እናቴ" ብሎ የጠራኝን፣ ሳቁን፣ ሸሚዙን ጭምር። ሴቶቹ ጄሪካን እየገፉ አልፎ አልፎ ያዩናል።

"አርብ ሳቀርብ" አለች በመጨረሻ፣ "ዲኑ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ነው። ምን ልበል?"

"መምህሩ ይኖራል?"

"ፊት ለፊት ይቀመጣል።"

"እንግዲያው እውነቱን ንገሪያቸው" አልኳት። "ግን ረጋ ብለሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ተናገሪ፤ ከኋላ ያሉትም ይስሙ።"