የሻምበል ጥርስና የልጃቸው አልበም

ሻምበል የሚላቸው ሰፈርተኛው ነው እንጂ ማዕረግ የሚባል ነገር በትከሻቸው አላለፈም። በእሳት አደጋ ባንድ ሳክስፎን ሲነፉ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ቁልፍ የሚቀርጹባት ጠባብ ሱቅ ከፈቱ። ኩራታቸው ግን የዋዛ አይደለም። ሸሚዛቸው ካልተተኮሰ ከደጅ አይወጡም።

ሳክስፎኑን አልጋ ሥር የወሸቁትም በዚሁ ኩራት ነው። የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ሰው ሠራሽ ነው። በስንብታቸው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ብቻቸውን እየነፉ ሳለ ጥርሱ ወልቆ አለቃቸው እግር ሥር ዱብ አለ። ሰው ሳቀ። ምን ያድርግ፣ እኔም ብሆን እስቅ ነበር። እሳቸው ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሳክስፎን ሲነሳ ፊታቸው ይጠቁራል።

ልጃቸው ደግሞ ሙዚቃ ሠሪ ሆና አረፈችው። ቀን መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ ስትመለስ ኮምፒውተሯ ላይ ትተከላለች። የምትሠራው ትሪፕ ሆፕ ነው፤ ምቱ ዝግ ያለ፣ ቤዙ ደረት የሚነካ። ለመጀመሪያ አልበሟ የአባቷ የቁልፍ መቅረጫ ማሽን ሲያፏጭ ቀድታ ምት አደረገችው። ሻምበል "ማሽኔ ዘፋኝ ወጣው" እያሉ ለደንበኛው ሁሉ አወሩ። የመጨረሻው ዘፈን ግን ሳክስፎን ይፈልግ ነበር። ለመነቻቸው፤ እምቢ። በእናቷ አስለመነች፤ አሻፈረኝ። ቢቸግራት የኮምፒውተር ሳክስፎን አስገብታ አሰማቻቸው።

ሻምበል ማዳመጫውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። "ይሄ ሰውዬ አንዴም አይተነፍስም እንዴ? ሳክስፎን ይሄ ከሆነ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ምን ስሠራ ኖርኩ?"

በማግስቱ ሱቁን ከውስጥ ቀርቅረው መለማመድ ጀመሩ። ጥርሱ እየተነቃነቀ ቢያስቸግራቸው አወለቁትና የሳክስፎኑን ጫፍ በሁለት ከንፈራቸው ብቻ ይዘው ነፉ። ድምፁ እንደ ድሮው አልጮኸም፤ ለስልሶ፣ ከነትንፋሹ ወጣ። ልጅቷ በሩ ላይ ሆና ሰማች፤ ስትፈልገው የነበረው ይህንኑ ነው። እንድትቀዳ በጄ አሏት፤ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። እሷም አዙራ ቀዳች።

የአልበሙ ምረቃ ከሰዓት በኋላ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ሆነ። ቤዝ የሚጫወተውና ከበሮ መቺው ከልጅቷ ኮምፒውተር ጎን ተሰልፈዋል። ሻምበል ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጥርሳቸውን በማጣበቂያ ጥርቅም አድርገው መጥተዋል። በሰው ፊት ድዳቸውን ከሚያሳዩ ሞታቸውን ይመርጣሉ።

የመጨረሻው ዘፈን ደረሰ። የቁልፍ ማሽኑ ምት ገባ፣ ቤዙ ተከተለ። ሻምበል ገና አንዴ እፍ ሲሉ ጥርሱ ተነቃነቀ። ሳክስፎኑን ከአፋቸው አወረዱና ደርቀው ቆሙ። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሲስቅ ተሰማቸው። የዚያን ቀኑ አዳራሽ እንዳለ መጣባቸው፤ እግራቸው ወደ በሩ ከጀለ።

ልጃቸው ምቱ እንዲደጋገም ተወችው። ከዚያ ወንበሯን አዞረችና፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ ለራሷ ምረቃ ጀርባዋን ሰጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አደረገች፤ ልክ እንደ ሱቁ።

ሻምበል ያቺን ጀርባ አዩ። ከመድረኩ ጫፍ ጎንበስ አሉና ጥርሳቸውን አውልቀው፣ ፊት ረድፍ ለተቀመጡት ባለቤታቸው "ያዢልኝ" ብለው ሰጡ። ነፉ። የሚተነፍሱበት ሁሉ ይሰማል፤ ከበሮ መቺው እሳቸውን እየጠበቀ ይመታል። እንዲህ ያለ ሳክስፎን በባንዱ ዘመናቸውም ነፍተው አያውቁም፤ እሳቸውም አውቀውታል፣ ደረታቸው ተነፍቷል።

ሲጨርሱ አዳራሹ ብድግ አለ። ባለቤታቸው ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልለው ስለያዙ ማጨብጨብ ቢያቅታቸው እልል አሉ። ልጅቷ ግን እንደተባለችው ገና ግድግዳውን እያየች ነው።

"ዙሪ ልጄ" አሏት ሻምበል በዚያ ድዳቸው። "እዪኝ።"

ዞረች። አባቷ አፋቸውን ሙሉ ከፍተው እየሳቁ ነበር።