የግመሉ ሰውዬ

የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሽ ክፍሉ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መንግሥት በሰጠው በረት፣ ግመልን አክስቶ የሚገድለውን በሽታ ያጠና ነበር። ግመሎቹን ግን መንግሥት አልሰጠውም። የታመመችበት ሰው «እስቲ ሞክርላት» ብሎ ያመጣለታል።

የምርምሩ ገንዘብ የሚገኘው አዲስ አበባ ደጅ በመጥናት ነበር። ሰኔ ሲገባ በባቡር ይሄዳል፤ በጀቱን የሚፈቅዱት ባለሥልጣን በር ላይ ዝናብ እየመታው ይቆማል፤ መኪናው ብቅ ሲል እጅ ይነሣል። ባለሥልጣኑ «አንተ የግመሉ ሰውዬ አይደለህም?» ያሉት ዕለት በጀቱ ይፈቀዳል።

አንድ ዓመት ግን ደንቡ ተለወጠ። ገንዘቡን ኮሚቴ ያድላል፤ የሚመዘነው ጥናቱ ብቻ ነው፤ ደጅ መጥናት ቀርቷል ተባለ። ጋሽ ክፍሉ ጥናቱን በፖስታ ላከና እንደ ልጅ ፈነጠዘ።

«ከእንግዲህ ሥራዬ ይናገርልኛል።»

«ሥራ አፍ አለው እንዴ?» አለች ሚስቱ በለጠች። «ጋቢህን አጥቤልሃለሁ፤ ይልቅ ባቡሩ ሳያመልጥህ ተነሥ።»

«ደጅ መጥናት ቀርቷል እኮ፣ በለጡ!»

«ለማን?»

አልሄደም። ክረምቱ አለቀ፤ ምንም አልመጣም። አዲስ አበባ ላለ ወዳጁ ስልክ ቢደውል ሰውየው ሳቀበት።

«ያልመጣኸው አንተ ብቻ ነህ እኮ! ኮሚቴውም ደጅ አለው፤ ያውም ብዙ ደጅ።»

መድኃኒቱ አለቀ። ማገገም ጀምራ የነበረችው የዳሃቦ ግመል እንደገና ጎድኗ ይቆጠር ጀመር። ዳሃቦ ወተት ሻጭ ናት፤ ያለቻት ግመል ያቺው ነበረች። አንድ ቀን መጥታ ሁለቱንም ተራ በተራ አየች።

«ሐኪም፣ ወላሂ አንተና ግመሌ እኩል ከሳችሁ። መርፌውስ?»

ባዶውን የመድኃኒት ሣጥን ከፍቶ አሳያት።

«እንግዲያው ሥጋዋ ሳያልቅ ለሥጋ ነጋዴው ልስጣት።»

ገመዱን ራሱ ፈታላት። ግመሏ መርፌ የሚወጋት መስሏት ነው መሰል፣ አንገቷን ዝቅ አደረገችለት።

በዓመቱ ጋቢውን ለብሶ ሄዶ ቆመ። ብዙ በር ላይ ቆመ። ገንዘቡ ተፈቀደለት። መድኃኒቱን ይዞ ሲመለስ ግን ግመል የሚያመጣለት ጠፋ። ዳሃቦን ገበያ ድረስ ሄዶ ለመናት፤ የሌሎች ሰዎች ወተት እየቀዳች ትሸጥ ነበር።

«ዘመዶችሽን ንገሪልኝ፤ አሁን መድኃኒት አለኝ።»

«ለዘንድሮ ነው አይደል?» አለች፣ ቀና ሳትል። «ለከርሞስ?»

ብቻውን ተመለሰ። በረቱን ግን ጠዋት ጠዋት ይጠርገዋል። የሚጠረግ ነገር የለበትም።